ቡናማው ሽሮፕና የአትሊ እግር

ፓይንክራፍት፣ ፍሎሪዳ
ዲሴምበር 4

ለምወድህ የአጎቴ ልጅ፣ በአንድ ጣሪያ ሥር አብሬህ ላደግሁት ወንድሜ ለአትሊ፣

የጌታ ሰላም ከደጃፋችሁ በረዶ በላይ ይብዛላችሁ። አንተም፣ ባለቤትህ ማቲም፣ ልጆቹም፣ ያቺ ጥጋበኛ ባዝራችሁም እንደምን ከረማችሁ? እኔ፣ ስሙ ይክበርና፣ ደኅና ነኝ። ደኅና ብቻ አይደለሁም፤ ዛሬ ጠዋት ቆቤን አስሬ፣ ባለሦስት እግር ብስክሌቴን እየነዳሁ ዳቦ ቤት ደርሼ ስመለስ አንዲት የአርባ ዓመት ሴት ቀድሜ አልፌያለሁ። በሰባ አንድ ዓመቴ! እሷ ሐብሐብ ጭና ነበር፤ እሱን ግን ለማንም አልነገርኩም።

ባለቤቴን ቀብሬ ኦሃዮን ለቅቄ ስመጣ ምን ያህል እንዳለቀስኩ አንተ ታውቃለህ። አሁን ፀሐዩ አጥንቴ ድረስ እየገባ ሌላ ሰው አድርጎኛል። ፀሐዩ ብቻም አይደለም። እዚህ አሮጊትና ሽማግሌው ከአምልኮ በኋላ ተሰብስቦ የሚያወራው ስለ ቫይታሚን ነው። ማን ምን ዋጠ፣ ማንን ምን ተሻለው፣ የማን ጉልበት ተመለሰ። መጀመሪያ እስቅባቸው ነበር፤ አሁን ከሁሉ በላይ የማወራው እኔ ሆኛለሁ።

ባለፈው ደብዳቤህ «ከምሳ በኋላ ወንበሬ ላይ እንቅልፍ ይጥለኛል፣ ድሮ እንዲህ አልነበርኩም» ያልከኝ ከልቤ አልወጣም። ይኸ ቫይታሚን አንሶህ ነው እንጂ ሌላ አይደለም። ስለዚህ ወደ እናንተ በሚመለሰው አውቶቡስ ሁለት ጠርሙስ ቡናማ ሽሮፕ ልኬልሃለሁ። ኢንዲያና ያለ አንድ የኛው ሰው የሚያዘጋጀው ነው። ጠዋት አንድ ማንኪያ፣ ማታ አንድ ማንኪያ። ጣዕሙ የዛገ ብረት የመላስ ያህል ነው፤ አፍንጫህን ይዘህ ዋጠው። መድኃኒት አይደለም፣ ምግብ ነው፤ አትፍራው።

ማቲን ሳምልኝ። ምን እንደሚሰማህ ቶሎ ጻፍልኝ።

እህትህ ዖርፋ


ሆልምስ፣ ኦሃዮ
ጃንዋሪ 8

ለፀሐይ ጎረቤቷ፣ ለእህቴ ለዖርፋ፣

የሰማዩ አባት አንቺን ከሙቀቱ እኛን ከብርዱ ይጠብቀን። ሁላችንም ደኅና ነን። በረዶው የአጥሩን ወገብ አልፏል፤ ባለፈው እሑድ አምልኮው የነበረው እኛ ቤት ስለሆነ አግዳሚዎቹን ስናስገባና ስናስወጣ ዋልን። ስብከቱ ረጅም ነበር። ከፊት የተቀመጡት ሽማግሌዎች ሁሉ ሲያንቀላፉ እኔ ዓይኔ አልተከደነም፤ ሽሮፕሽ ይሆናል ብዬ አመሰገንኩሽ።

ቅዳሜ ዕለት አንድ የሚያስቅ ነገር ሆነ። ከከብቶቹ ጋጣ ስመለስ ማቲ በመስኮት ብቅ ብላ፣ «አትሊ! ጫማህስ?» ብላ ጮኸች። ወደ ታች ባይ አንዱ እግሬ ላይ ያለው ካልሲ ብቻ ነው። ጫማው መሃል መንገድ በረዶ ውስጥ ቆሞ ቀርቷል።

«ብርዱ አደንዝዞኝ ነው» አልኳት።

«እኔንስ አይበርደኝም እንዴ? ጫማዬን ግን መንገድ ላይ ጥዬ አልመጣም» አለችኝ። እስከ እራት ድረስ ስትስቅብኝ አመሸች።

አንቺ ብቻ አይደለሽም ያዘንሽልኝ። የማቲ እህት ቬርና «ለነርቭ ነው» ብላ ቢጫ ክኒን አምጥታለች። ልጃችን ሱዚ ወተት ላይ የሚበጠበጥ ዱቄት ላከች። የጉባኤያችን መሪ ሚስትም የራሷን ጠርሙስ ሰጥታናለች። ሁሉም የሚያመጣው ከልቡ ነው። የአንዱን ወስጄ የሌላውን ብመልስ ቅያሜ ነው፤ ስለዚህ ሁሉንም እውጣለሁ። ለቁርስ የሚሆን ቦታ ሆዴ ውስጥ አልቀረም።

ልጆቼ ደግሞ፣ «አባ፣ ዋናው መንገድ ላይ መኪናው በዝቷል፣ የጋሪውን ልጓም ለኛ ተውልን» ማለት ጀምረዋል። እምቢ ብያለሁ። ዖርፋ፣ እጄ ልጓም እስከያዘ ድረስ ወደፈለግሁበት እሄዳለሁ፤ የታመመ እጠይቃለሁ፣ ወፍጮ ቤት እደርሳለሁ። እሱን ከወሰዱብኝ መስኮት ሥር ተቀምጬ ሰው እስኪወስደኝ መጠበቅ ነው። ያንን ቀን አያምጣብኝ። ሁለት ጠርሙስ ጨምሪልኝ።

ወንድምሽ አትሊ


ፓይንክራፍት
ጃንዋሪ 25

ለወንድሜ ለአትሊ፣

ሰላሙን ያጥግባችሁ። ጫማህን በረዶ ላይ ጥለህ መሄድህን ለጎረቤቶቼ ሳወራላቸው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። እኔም እንዳንተው ነኝ፤ ጣቶቼ ጠዋት ጠዋት ጉንዳን እንደወረራቸው ይነዝሩኛል፤ ይኸ የዕድሜ ነገር ነው። ጠርሙሶቹን ልኬያለሁ።

እዚህ አንድ ጉድ መጥቶብን ነበር። ከዩኒቨርሲቲ የመጡ ሰዎች አዳራሹ ውስጥ ጠረጴዛ ዘርግተው፣ «እናንተ እንደ ጥንት አባቶቻችሁ ያለ መኪና የምትኖሩ አሚሾች በዚህ ዕድሜ ጤነኛ ናችሁ ይባላል፤ ደማችሁ ውስጥ ስንት ቫይታሚን እንዳለና ምን እንደሚሰማችሁ ማየት እንፈልጋለን» አሉን። ታመው የሚያውቁትን አልፈለጉም፤ ጤነኛ ብቻ። ያን ጊዜ መቼም ከመስመሩ ፊት የነበርኩት እኔ ነኝ።

አንዲት ወጣት ነርስ ደሜን ቀዳችና፣ «እማማ፣ ሰሞኑን ምን ይሰማዎታል?» አለችኝ።

«ደኅና ነኝ።»

«ደኅና የሚል መልስ እዚህ የለም። ከአንድ እስከ አሥር ቁጥር ይስጡኝ።»

«ልጄ፣ አሥር ብልሽ ትዕቢት ነው፣ አምስት ብልሽ አምላኬን ማማረር ነው» አልኳት። ብዕሯን አስቀምጣ ሳቀች። ተከራክረን ሰባት ላይ ታረቅን።

ከዚያ ዓይኔን አስጨፍና የእግር ጣቶቼን በጥጥ ነገር እየነካካች «ተሰማዎት?» ትለኛለች። «አዎ» እላለሁ። እውነቱን ልንገርህ፣ አንዳንዱን የነካችኝ አልመሰለኝም ነበር፤ ግን ልጅቷ ከሩቅ መጥታ ደክማለች፣ ምን ብዬ ላሳዝናት? «የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ስትለኝ «ምንም» አልኳት። በሰባ አንድ ዓመቴ ምንም መድኃኒት! ዓይኗን አፈጠጠች። ውጤቱን በፖስታ ይልኩልኛል።

እህትህ ዖርፋ


ኦሃዮ
ፌብሩዋሪ 16

ለእህቴ ለዖርፋ፣

በጌታ ስም ሰላም እልሻለሁ። ደኅና ነኝ። ጽሕፈቴ ቢበላሽ ይቅር በይኝ፤ ብዕሩ ከጣቴ እየሸሸ ነው። እሑድ እሑድ የኮቴን መንጠቆ የምታስርልኝ ማቲ ሆናለች። «ስንጋባ እንኳ እንዲህ ቆመህ አልጠበቅኸኝም» ትለኛለች።

ሰኞ የማቲ ወንድም ሜኖ ዘንድ ውለን ስንመለስ ልጓሙ ከእጄ ወድቆ ኖሯል። እኔ እንደያዝኩ ነው የማውቀው። ባዝራዋ መንገዱን ስለለመደችው ኮረብታውን ወርዳ፣ ዋናውን መንገድ አቋርጣ፣ ቀጥ ብላ ደጃችን አቆመችን። አንድ ትልቅ ጭነት መኪና ከኋላችን ጥሩንባውን ሲያንባርቅ ነበር። ማቲ መንገዱን ሙሉ የጋሪውን ጠርዝ ጨብጣ ነበር። ስንደርስ ነው የጠየቀችኝ።

«ማን ነበር የሚነዳው?»

«እግዚአብሔር» አልኳት።

«እሱማ ነው። ግን ሰውም ቢያግዘው ምናለበት?» ብላኝ ገባች። ለልጆቹ እንዳትነግርብኝ ለምኛታለሁ። አንቺም ለማንም አትጻፊ።

ጉልበቴ እንዲመለስ ብዬ ሁለቱን ማንኪያ አራት አድርጌዋለሁ። ስለዚህ ቶሎ ያልቃል። በሚቀጥለው አውቶቡስ አራት ጠርሙስ ላኪልኝ፤ ከተገኘም ስድስት። አደራ።

አትሊ


ፓይንክራፍት
ማርች 12

ለምወድህ ለወንድሜ ለአትሊ፣ ለእህቴ ለማቲ፣ ለቤታችሁ ሁሉ፣

የአባቶቻችን አምላክ በመውጣትና በመግባታችሁ ይጠብቃችሁ፤ እጁን ከላያችሁ አያንሳ፤ ክፉውን ያርቅላችሁ። መልሴ ስለዘገየ አትቀየሙኝ። እንግዳ በዝቶብኝ ነበር። ብርቱካኑ ደርሷል፤ ጎረቤቶቼ ቅርጫት ቅርጫት እያመጡ ደጃፌ ላይ ያስቀምጡልኛል። ከናንተ አካባቢ የመጡት ባልና ሚስት በመጪው ሳምንት ይመለሳሉ፤ በነሱ እጅ ማርማላታ እልክላችኋለሁ። ሽማግሌዎቹ ሜዳው ላይ ጠፍጣፋ ክብ እንጨት በረጅም ዘንግ እየገፉ ይጫወታሉ። ትናንት ዝናብ ጣለ።

ሽሮፑን በዚህ አውቶቡስ አላክሁም። እስኪ ለጊዜው አሳርፈው። ሰውነትም ዕረፍት ይፈልጋል። ምንም ተፈጥሮ አይደለም። የደሜ ውጤት መጥቷል፤ ነርሷም ልታነጋግረኝ ጠርታኝ ነበር፤ ትንሽ ነገር ነው፤ ስንገናኝ አጫውትሃለሁ።

እግርህስ? በደንብ ንገረኝ። ብርድ ነው ብለህ አትለፈው። ልጓሙንም ለጊዜው ልጆቹ ቢይዙልህ ምን አለበት?

ዖርፋ


ኦሃዮ
ማርች 24

ለዖርፋ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ማርማላታውን በላነው። ምን አስቀየምንሽ? «አሳርፈው» ያልሽው አልገባኝም። ባለሽሮፑ አልቆበት ከሆነ እንዲያው በግልጽ ንገሪኝ እንጂ። ደግነቱ ቬርና ከመደብር ያንኑ አግኝታልኛለች፤ አላቋረጥኩም። ክኒኗንም ጨምራልኛለች፤ እግሬን አይታ አዘነች መሰለኝ።

አንቺም እንደ ልጆቼ ስለ ልጓም ጀመርሽኝ? ከኦሃዮ የሸሸሽው ከነሱ ጋር ለመተባበር ነው?

ለጌታ እራት እየተዘጋጀን ነው፤ ጾሙ ደርሷል። እግሬ ያው እግር ነው። ደኅና ነኝ።

አትሊ


ኦሃዮ
ኤፕሪል 21

እህት ዖርፋ፣

በጌታ ሰላም። የምጽፍልሽ እኔ ማቲ ነኝ። አትሊ ብዕር መያዝ አልቻለም፤ ቢችልም የምነግርሽን አይነግርሽም ነበር።

እሑድ የጌታ እራት ነበር። ቀኑን ሙሉ ተቀምጠን፣ ኅብስቱንና ወይኑን ተቀብለን፣ ወደ ማታ እግር መተጣጠቡ ደረሰ። እኛ ሴቶቹ በወጥ ቤቱ በኩል፣ ወንዶቹ በሳሎኑ። መዝሙሩ ተጀምሯል። ከአትሊ ጋር የተጣመረው ወንድሜ ሜኖ ነው። ሜኖ ጎንበስ ብሎ ካልሲውን ሲያወልቅለት ካልሲው ከእግሩ ጋር ተጣብቆ እምቢ አለ። በውሃ አርሶ ቀስ ብሎ ሲላቅቀው፣ የፈረስ ኮቴ ሚስማር የጫማውን ታች በስቶ ከአውራ ጣቱ ሥር ገብቶ ተገኘ። ዙሪያው ጠቁሮ ነበር።

«አትሊ፣ ይኸ መቼ ገባ?» አለው ሜኖ።

«ምኑ?» አለ አትሊ።

ዖርፋ፣ ሰውዬው ምኑ አለ! መዝሙሩ በወንዶቹ በኩል ተቋረጠ፤ ዝምታው እኛ ጋ ሲደርስ አንድ ነገር መሆኑን አወቅሁ። ገብቼ ሳየው እግሩ ሳፋው ውስጥ ነው፤ ውሃው ቀልቷል፤ እሱ ፊቴን ነው የሚያየው። ምንም አላመመውም። 

ሆስፒታል ወሰድነው። ከስኳር ነው ብለው መረመሩት፤ ስኳር የለበትም። ሐኪሙ «ምን መድኃኒት ይወስዳሉ?» ሲለው አትሊ «ምንም» አለ። እኔም አጠገቡ ተቀምጬ አዎ፣ ምንም ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ። የዋሸን አልመሰለንም። አሁን ጣቱ ሊቆረጥ ይችላል ይላሉ። ልጓም ከእጁ የወደቀውም አንድ ቀን ብቻ አልነበረም። «ጌታ ነዳ፣ ለማንም አታንሺብኝ» ብሎኝ ዝም ብዬው ነበር፤ ዝም ማለቴ እንደ እሳት ያቃጥለኛል።

ልብስ ልወስድለት ቤት ገብቼ ቁም ሳጥኑን ስከፍት ጠርሙሶቹ ተሰልፈው አየኋቸውና ያ «አሳርፈው» ያልሽው ትዝ አለኝ። አንቺ ሰውን ሽሮፕ ጠጣ እንጂ ተው ብለሽ አታውቂም። ለምንድን ነው አሳርፈው ያልሽው? የምታውቂው ነገር ካለ ንገሪኝ። በግልጽ ንገሪኝ።

ማቲ


ፓይንክራፍት
ኤፕሪል 26

ማቲ፣

ሰላምታውን ዛሬ ልዝለለው። ይህ ወረቀት ከመድረሱ በፊት እንድትሰሙ ብዬ መንገዳችሁ ዳር ባለው የስልክ ዳስ መልእክት ትቻለሁ፤ ያልሰማሽው እንደሆነ ይኸው እንደገና፦ ቤት ያለውን ጠርሙስ፣ ክኒንና ዱቄት በሙሉ በቅርጫት አድርጊና ሐኪሙ ፊት አስቀምጪው። አንድም እንዳይቀር። አትሊ ከዚያ ውስጥ አንዲት ማንኪያ እንዳይቀምስ።

ሽሮፑ ውስጥ ያለውን ቫይታሚን ቢ ስድስት ይሉታል። ሲያንስ ነርቭ ይጎዳል፤ እሱን ጠርሙሱም ይናገራል። ከልክ ሲያልፍ ያንኑ ነርቭ እንደሚጎዳ ግን ጠርሙሱ ላይ አልተጻፈም። የኔ ውጤት ሲመጣ ነርሷ ቁጥሩን አሳየችኝና፣ «እማማ፣ ይኸ ከምግብ የሚመጣ አይደለም። ምንድን ነው የሚወስዱት?» አለችኝ። ሽሮፑን አሳየኋት። ጣቶቼን የሚነዝረኝ ዕድሜ ሳይሆን እሱ ነበር። ዛሬውኑ ይተዉት አለችኝ፤ ተውኩት።

እኔ የወሰድኩት አንዱን ሽሮፕ ብቻ ነው። እሱ የኔን፣ የቬርናን ክኒን፣ የሱዚን ዱቄት፣ የጉባኤውን መሪ ሚስት ጠርሙስ ይወስዳል። ያው ነገር ሁሉም ውስጥ አለ፣ ማቲ። እግሩ በደነዘዘ ቁጥር እየጨመረ፣ በጨመረ ቁጥር እየደነዘዘ ነው የከረመው። ማንንም ላለማስቀየም ሲል ሁሉንም ዋጠ።

ይህን ያወቅሁት በማርች መጀመሪያ ነው። አዎ፣ ያንን የማርማላታ ደብዳቤ ከመጻፌ በፊት። አውቶቡስ በሄደ ቁጥር ሽሮፑን እያሞገስኩ በየቤቱ የላክሁት እኔ ነኝና ተሳሳትኩ ማለት ከአፌ አልወጣ አለኝ። አሳርፈው ብለው ይገባዋል አልኩ። ልጓም ከእጁ እየወደቀ መሆኑን ጽፎልኝ እያወቅሁ ስለ ብርቱካን ጻፍኩለት። ይኸ ስህተት አይደለም፤ ፈሪነት ነው። ስሙን እኔው ልጥራው።

ደግሞስ መጀመሪያውኑ ምን ሆኖ ነበር? ከምሳ በኋላ እንቅልፍ ጣለው። ዕድሜውን ሙሉ ከንጋት እስከ ምሽት የሠራ ሰው በሰባ አራት ዓመቱ ከምሳ በኋላ ቢያንቀላፋ ምን ይገርማል? ባንቀላፋ ምን ነበረበት? እኔ እርጅናውን በሽታ አደረግሁትና ሐኪሙ ሆንኩ።

ነይ በይኝና በመጀመሪያው አውቶቡስ እመጣለሁ። ሽንት ቤቱን እጠርጋለሁ፣ ከብት አልባለሁ፣ ያልሽኝን እሠራለሁ።

ዖርፋ


ፓይንክራፍት
ጁላይ 30

ለወንድሜ ለአትሊ፣

ሰላም ለቤትህ። በሜይ ማቲ የላከችልኝ ካርድ ላይ የነበሩት ቃላት ጥቂት ናቸው፦ ጣቱ ተቆረጠ፣ ቅርጫቱን ሐኪሙ አየው፣ ያልሽው እውነት ነው፣ አሁን አትምጪ። ካርዱን መጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ ጽፌያለሁ። መልስ የማልጠብቅ መስዬ በየቀኑ ፖስታ ሳጥኑን እከፍታለሁ።

በየሳምንቱ ለሁላችንም በሚደርሰው ጋዜጣችን ላይ የሆነውን ጻፍኩ። ስምህን አላነሳሁም፤ የራሴን ግን አነሳሁ። ጠርሙስ የላክሁላችሁ ሁሉ ለሐኪማችሁ ሳታሳዩ አትጠጡ፤ ምንም አልወስድም ብላችሁም አትመልሱ አልኩ። ባለሽሮፑ የስድብ ደብዳቤ ጽፎልኛል። እዚህ አምልኮ ስወጣ አብረውኝ ይቀመጡ የነበሩት ሁለቱ ሴቶች አግዳሚ ቀይረዋል። አንዷማ ሰላም ስላት፣ «አንቺን ፈርቼ ቫይታሚኔን ጥዬ ይኸው ወገቤ ተቆረጠ» ብላኝ አለፈች። ይሁን።

አንድ ነገር ልነግርህ ፈልጌ አፍራለሁ። ጠዋት ከአልጋ ስወርድ ወለሉ ይቀዘቅዘኝ ጀምሯል። ለኔ የእግሬ ስሜት ተመለሰልኝ። ላንተ ሳይመለስ ለኔ መመለሱን ምን ብዬ ላመስግን? እግሬን መልሼ ብርድ ልብስ ውስጥ እከተዋለሁ።

ደኅና ነህ ወይ ብዬ አልጠይቅህም። ምን ይሰማሃል?

ዖርፋ


ኦሃዮ
ኦክቶበር 19

ለእህቴ ለዖርፋ፣

የጌታ ሰላም ካንቺ ጋር ይሁን። ይህን የምጽፈው ራሴ ነኝ፤ ሜኖ እርሳሱን በጨርቅ ጠቅልሎ ወፍራም አድርጎልኛል። ደኅና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ተውኩት።

ዝም ያልኩሽ ተቆጥቼ ነው። መጀመሪያ አንቺን። «አውቃ! አውቃ!» እያልኩ ማቲን አሰልችቻታለሁ። አንድ ቀን ሰለቻትና፣ «አንተስ? ጫማህን በረዶ ላይ የጣልክ ቀን አታውቅም ነበር? ደኅና ነኝ እያልክ የጻፍክላት ማን ነው?» አለችኝ። ለሳምንት አኮረፍኳት። እውነቷን ነበር።

ልጓሙን ማቲ ይዛለች። እኔ በግራ በኩል እቀመጣለሁ። የፈራሁት ቀን መጥቷል ማለት ነው። ያን ጊዜ እሞታለሁ ብዬ ነበር፤ አልሞትኩም፤ ግን ዋናውን መንገድ ስናቋርጥ ሁለቱም እጄ ጉልበቴ ላይ ልጓም እንደያዘ ይጨበጣል። ባዝራዋ ለማቲ ከኔ ይልቅ ትታዘዛለች፤ ይህንንም መዋጥ ነበረብኝ። ቬርና አሁን የምታመጣው ኬክ ነው፤ እያለቀሰች ነው የምታመጣው። ሁሉንም እበላዋለሁ። ከምሳ በኋላ እተኛለሁ፤ የሚቀሰቅሰኝ የለም።

ከጌታ እራት በፊት፣ እንደምታውቂው፣ እያንዳንዳችን ከሰው ሁሉ ጋር ሰላም እንዳለን እንጠየቃለን። ዲያቆኑ እኔ ጋ ሲደርስ ስምሽ መጣብኝ። ሰዉ ሁሉ ይጠብቃል። አንድ ሰው ሰላም የለኝም ካለ እራቱ እንደማይሆን ታውቂያለሽ። ለመላው ጉባኤ ብዬ ልዋሽ ነበር፤ እንደ ክኒኑ፣ ሰው ላለማስቀየም። ኋላ ግን እያፈርሽ እግርሽን ብርድ ልብስ ውስጥ የከተትሽው ትዝ አለኝ። አሳዘንሽኝ። «ሰላም አለኝ» አልኩ፤ ስለውም እውነት ነበር። ስለዚህ ነይ። ክረምቱን እኛ ዘንድ ክረሚ። ጠርሙስ እንዳትይዢ።

ትናንት እራቱ ሆነ። እግር መታጠቡ ሲደርስ ሜኖ እንደገና እኔ ፊት መጣ። እንዳይመርጠኝ ፈርቼ ነበር። አራቱ ጣቶቼ የቀሩበትን እግር ሲያይ ከንፈሩን ነከሰ። ሌሎቹ እየዘመሩ ነው። ሳፋውን አስጠግቶ ውሃውን በእጁ ዘግኖ ተረከዜ ላይ አፈሰሰው።

«ሜኖ» አልኩት፤ ሁሉም ሰው ሰማኝ።

«ምነው? አመመህ?»

«ውሃው ይቀዘቅዛል።»

ሜኖ ጎንበስ እንዳለ ቀረ። ትከሻው ይንቀጠቀጣል። እግሬን በሁለት እጁ ይዞ ማጠቡን ረሳው። ዲያቆኑ ሊቆጣን መጥቶ እሱም ቆመ። ከወጥ ቤቱ በኩል ማቲ፣ «ምን ሆነ? ምን ሆነ?» ስትል ይሰማኛል።

ተረከዜ ላይ ብቻ ነው። ጣቶቼ ገና ናቸው፤ ላይመለሱም ይችላሉ ይላል ሐኪሙ። ግን ምን ይሰማሃል ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበርና ይኸው፦ ቀዘቀዘኝ፣ ዖርፋ። በጣም ቀዘቀዘኝ።

ወንድምሽ አትሊ